ቃሉ ሲገኝ ዜማው ሲታጣ፤ የዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔት በጎጃም መድረክ

መግቢያ

"ኦፔራ" የሚለው የጣልያንኛ ቃል በጥሬ ትርጉሙ "ሥራ" ማለት ነው። በኪነ ጥበብ ዓለም ግን ከጊዜ በኋላ ታሪክን በግጥምና በዜማ ለሚተርክ፣ ተዋንያኑም ከመናገር ይልቅ ለሚዘምሩበት የመድረክ ሥራ መጠሪያ ሆኗል። ቃሉ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ውስጥ እምብዛም አይነሣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ይህን መሰል ሥራ በቋሚነት የሚያቀርብ ቡድን በአገራችን አልተለመደም። ነገር ግን "ኦፔራ አለን ወይስ የለንም?" ብሎ መከራከር ሩቅ አያደርስም። የተሻለው ጥያቄ፣ ቃልና ዜማ ተጣምረው ታሪክ የሚተርኩበት መድረክ በእኛ ዘንድ ከየት ተነሣ፣ ነባርና አርአያ የምንለው ሥራስ የትኛው ነው፣ ያን ሥራ ዛሬ አንድ የክልል የቴአትር ቡድን ዳግም ቢያነሣው በምን መንገድ ሊያዘጋጀው ይችላል የሚለው ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ የማየው በቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ሥራዎች፣ ይልቁንም በ"አፋጀሽኝ" በኩል ነው። የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የዮፍታሔን ተውኔቶች በንባብ ብቻ ማጥናታችን የሥራዎቹን ግማሽ አካል ከጆሯችን ሰውሮብናል። በወረቀት ላይ የማናገኘውን ዜማ መልሶ ለመሥራት የሚያስችለው ሥርዓት ግን ደራሲው ባደገበት በጎጃም የቅኔና የዜማ ጉባኤ ውስጥ አለ። ስለሆነም "አፋጀሽኝ"ን በደብረ ማርቆስ መድረክ በአዲስ መልክ ማዘጋጀት ለአንድ ደራሲ መታሰቢያ ከማቆም ያለፈ፣ የጥናት ጠባይ ያለው ሥራ ይሆናል።

ሌሎች የሳሏት ኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ኦፔራን ከማወቋ በፊት ኦፔራ ኢትዮጵያን አውቋታል። የጣልያናዊው የጁዜፔ ቨርዲ "አይዳ" ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በካይሮ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነበር። ሥራውን ያዘዘው የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ሲሆን፣ የታሪኩን ንድፍ ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ አጥኚ ኦጉስት ማሪየት፣ ግጥሙን የጻፈው ደግሞ አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ነው። አይዳ በግብፅ ቤተ መንግሥት በባርነት የምትኖር የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። አባቷ አሞናስሮም በሁለተኛው ገቢር በግብፆች የድል ሰልፍ መካከል ተማርኮ ይቀርባል።

ያን የድል ሰልፍ በካይሮ መድረክ ያሳየው ከዲቭ፣ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ሠራዊቱን ወደ እውነተኛይቱ ኢትዮጵያ ላከ። የሆነው ግን ከመድረኩ ተቃራኒ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎም በዚያው ዓመት ጉራ ላይ፣ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር የግብፅን ሠራዊት ድል አደረገ። ይህን የማነሣው የቨርዲን ሥራ ለመንቀፍ አይደለም፤ ሙዚቃው በዓለም መድረኮች የተከበረ ነው። ልብ ልንለው የሚገባን የ"አይዳ" ኢትዮጵያ ሌሎች የሳሏት፣ በሌሎችም አንደበት የምታዜም ኢትዮጵያ መሆኗን ነው። በራሷ ቃልና በራሷ ዜማ ስለ ራሷ የምትናገርበትን መድረክ ለማግኘት ዐይናችንን ከካይሮ ወደ ጎጃም ደጋ መመለስ ይኖርብናል።

የደብረ ኤልያስ ትምህርት

ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለደው በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በደብረ ኤልያስ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በአገራችን ስማቸው ከሚጠራው ከሦስቱ የቅኔ መንገዶች፣ ማለትም ከዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ዮፍታሔ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው መሆኑን ጸሐፊዎች ሁሉ ያነሣሉ። ትምህርቱ ግን ለቋንቋ ብቻ ሳይሆን ለመድረክም ምን እንዳስታጠቀው በሚገባ ሲመረመር አላየሁም።

አቋቋምን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል። አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ እየተመራ ይዘመማል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብተው በመረግድ ይከብዳል፤ በመጨረሻም በጽፋት ይፈጥናል። ቃሉ ሳይለወጥ የዜማው፣ የእንቅስቃሴውና የምቱ ደረጃ እያደገ ይሄዳል። ይህ ሥርዓት ስለ አምልኮ እንጂ ስለ ትርኢት የቆመ ባለመሆኑ "ቴአትር" ብለን ልንጠራው አይገባም። ይሁን እንጂ በዚህ ሥርዓት ያደገ ወጣት የመዘምራንን አቋም፣ የመምራትንና የመቀበልን ስልት፣ የድምፅንና የአካልን ቅንጅት፣ የስሜትን ደረጃ በደረጃ መውጣት ሳያውቅ ወደ አዲስ አበባ ሄደ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር የቅኔ ሕግ ነው። እያንዳንዱ የቅኔ ዐይነት የታወቀ የቤት ቁጥርና የታወቀ ዜማ አለው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ባለቅኔው ለዕለቱ በዓል አዲስ ቃል ይፈጥራል እንጂ አዲስ ዜማ አይፈጥርም። በማኅሌት ላይ ቃሉን በጆሮ ሲነግር፣ ዘማሪው ተቀብሎ በታወቀው ዜማ ያሰማዋል። ለዘማሪውም ሆነ ለሰሚው ቃሉ እንግዳ ነው፤ ዜማው ግን ቤት ነው። እንግዳው በየበዓሉ ይለዋወጣል፤ ቤቱ ግን ያው ነው። ይህን ሕግ እናስታውሰው፤ ወደ ኋላ ስለ ዳግም ዝግጅት ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ከዚሁ ጋር የዜማ ምልክት ነገር ሊነሣ ይገባዋል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው ምልክት እንደሠሩለት ይነገራል። ይህ ምልክት ከቃል በላይ የሚጻፉ ፊደላትን የያዘ ሲሆን፣ ፊደላቱ አስቀድሞ የታወቀ ዜማን የሚያስታውሱ ናቸው። ዜማውን በቃሉ ላላጠና ሰው ምልክቱ ብቻውን አይናገርም። የእኛ የዜማ ጽሕፈት የማስታወሻ ጽሕፈት ነው፤ መምህሩ ከሌለ መጽሐፉ ዝም ይላል ማለት ነው።

ትምህርት ቤትና መድረክ በአዲስ አበባ

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ ዘወትር የሚጀመረው ከበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ" ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ የታየው ይህ ተውኔት በአውሬዎች ምሳሌ የዘመኑን አስተዳደር በመተቸቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። ዳግመኛ ያንሰራራው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ነው። ዮፍታሔ ስሙን የተከለው በዚህ በሁለተኛው ዙር ነበር።

በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። መድረኩ ትምህርት ቤት፣ ተዋንያኑ ተማሪዎች ነበሩ። ሴቶች ገና ወደ መድረክ ስላልወጡ የሴቶቹን ክፍል ወንዶች ልጆች ይጫወቱ ነበር። "ምስክር"ንና "እያዩ ማዘን"ን የመሳሰሉ ሥራዎቹ በግጥም የተሠሩ፣ መዝሙርም የሚገባባቸው ናቸው። ትምህርት ቤት የዜማዊ ተውኔት መነሻ መሆኑ ዝቅ አድርጎ ሊያሳየው አይገባም። የእንግሊዛዊው የሄንሪ ፐርሰል "ዳይዶና ኤኒያስ"፣ ዛሬ በዓለም ኦፔራ ቤቶች የሚከበረው ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ ማብቂያ በለንደን አጠገብ በቼልሲ በአንድ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ታይቷል።

ዮፍታሔ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው ግን ለንግሥ በዓሉ በጻፈው በብሔራዊ መዝሙሩ ግጥም ነው። ዜማውን የደረሰው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት "አርባ ልጆች" የሙዚቃ መምህር ነበር። መዝሙሩ ለማርሽ ባንድ በኖታ የተጻፈ በመሆኑ፣ ከአብዮቱ በኋላ በሌላ ከተተካም ወዲህ ቢሆን ኖታ የሚያነብ ሁሉ እንደ ቀድሞው ሊያሰማው ይችላል። በተማሪ አንደበት የተዘመሩት የተውኔቶቹ ዜማዎች ዕድል ግን እንዲህ አይደለም። ለዛሬ ተማሪ የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው። የአንድ ሰው ሁለት ዐይነት ግጥሞች፣ አንዱ ከነዜማው ሌላው ያለ ዜማው የቆዩበት ምክንያት የጥበብ ብልጫ ሳይሆን የጽሕፈት ነው።

የዮፍታሔን ሕይወትና ሥራ ሰብስቦ በማጥናት ረገድ ባለቅኔውና የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዮሐንስ አድማሱ የሠራው ጥናት መሠረት ሆኗል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤትም በዮፍታሔ ስም ተሰይሟል። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ስሙን በበር ላይ የጻፍንለት ሰው ሥራዎች በክፍል ውስጥ እንደ ግጥም ሲተነተኑ፣ ቤታቸውና ሐረጋቸው ሲቆጠር፣ "ይህ ቦታ ይዘመር ነበር" የሚለው ማስታወሻ ያለ ድምፅ ይታለፋል።

"አፋጀሽኝ" እና የጎጃም ትዝታ

በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ ጻፈ። "አፋጀሽኝ" የወረራውን ዘመን መከራ በምሳሌ ያቀረበ ሥራው ነው።

ርእሱን ብቻ እንመልከት። "አፋጀሽኝ" እንደ አገራችን የስም አወጣጥ ልማድ የሴት ስምም ነው፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገርም ነው። "ፋጀ" ጨረሰ፣ አጠፋ ነው፤ "ተፋጀ" እርስ በርሱ ተላለቀ ነው፤ "አፋጀ" እንዲተላለቁ አደረገ ነው። ባለቤቷ "አንቺ" ስትሆን ተሳቢው "እኔ" ነው። ነገር ግን ሰው ብቻውን አይፋጅም፤ ቃሉ ሌላ ወገን ይፈልጋል። ያ ወገን በርእሱ ውስጥ አልተጠራም። "ከማን ጋር አፋጀሽኝ?" የሚለውን የሚመልሰው ተመልካቹ ነው። ይህ የሰምና ወርቅ አሠራር ነው፤ ሰሙ በስም ላይ ተቀምጦ ወርቁ ለሰሚው ይተዋል።

ታዲያ ይህን ርእስ የሚሰማው ተመልካች የደብረ ማርቆስ ሰው ሲሆን መልሱ ይከብዳል። ጎጃም በአምስቱ ዓመት የእነ በላይ ዘለቀ፣ የእነ ነጋሽ በዛብህ፣ የእነ መንገሻ ጀምበሬና የእነ ኃይሉ በለው የአርበኝነት ምድር ነበር። በዚያው ጊዜ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ከጣልያን ጋር ቆመው ነበር፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ያስገበሯቸው እዚያው ነው። አርበኛው በላይ ዘለቀ ደግሞ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። በአንድ አገር ውስጥ ከጠላት ጋር የቆመና ጠላትን የተዋጋ፣ ከዚያም ተዋግቶ የተሰቀለ ተከታትለው ታዩ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ጎጃምንም ስለነካ፣ "አፋጀሽኝ" የሚለው ቃል ለዛሬው ተመልካች የአያቶች ነገር ብቻ ሆኖ አይሰማውም። ሥራውን በዚያ መድረክ የሚያነሣ አዘጋጅ ይህን ዐውቆ መነሣት አለበት። የሚያሰጋው ነገር ይኸው ነው፤ ሥራውን የሚያስፈልግ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የክልል ቡድንና ችሎታው

"ይህን ሊሠራ የሚችል ቡድን በክልል ይገኛል ወይ?" የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ታሪኩ ተስፋ ይሰጣል። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላና የጎጃሙ ግሼ ዓባይ ስማቸው ገነነ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም በባሕር ዳር የተቋቋመው ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ሙዚቃን፣ ውዝዋዜንና ቴአትርን በአንድ ጣራ ሥር አሰባስቦ ሠርቷል። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ አንዱ ሰው ድምፃዊም፣ ተወዛዋዥም፣ ተዋናይም መሆኑ የተለመደ ነበር። ይህ ለዜማዊ ተውኔት የሚያስፈልገው ችሎታ ነው።

ችግሩ ያለው በዝግጅቱ መዋቅር ላይ ነው። የኪነት ዝግጅት ዘፈን፣ ውዝዋዜ፣ አጭር ድራማ እያለ የሚሄድ የተሰናሰለ ቅይጥ ነው። ዘፈኑ ድራማውን አይገፋውም፤ ድራማው ሲያልቅ ይጀምራል። ዜማዊ ተውኔት ግን ዘፈኑ ከታሪኩ ውስጥ ቢወጣ ታሪኩ የሚጎድልበት ነው። አንድ የጎጃም ቡድን "አፋጀሽኝ"ን ቢያዘጋጅ ዋናው ትምህርቱ ይህን ልዩነት በተግባር መማር ይሆናል።

የዳግም ዝግጅት ሦስት መንገዶች

ለእኔ የሚታዩኝ መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው መዝሙሮቹን ትቶ ግጥሙን በንግግር ማቅረብ ነው። ቀላል ነው፤ ወጪም ይቀንሳል። የሰው ድምፅ ብቻውን ምን ያህል እንደሚችልም እናውቃለን። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር"፣ ያም የጎጃም ልጅ ሥራ ነው፣ በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ማንበብ ለማይችለውም ደርሷል። ነገር ግን ልብ ወለድ ለመነበብ የተጻፈ ነው፤ ሲነበብ ሙሉ ነው። የዮፍታሔ መዝሙር ግን ለመዘመር የተጻፈ በመሆኑ ሲነገር ይጎድላል።

ሁለተኛው ለግጥሞቹ ዘመናዊ ዜማ በኦርኬስትራ መሥራት ነው። ለዚህም አርአያ አለን። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው፣ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የአገራችንን ቅኝቶች ለትልቅ የሙዚቃ ጓድ አቀናብሯል። ይህ መንገድ የሚከበር ነው፤ ነገር ግን ዜማው ከግጥሙ ሥር ካልተነሣ ሥራው በሌላ ሰው ልብስ የቆመ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛው፣ እኔ የምደግፈው፣ የቅኔውን ሕግ መከተል ነው። ከላይ እንዳልነው በቅኔ ቤት ዜማው የታወቀ ቤት፣ ቃሉ አዲስ እንግዳ ነው። በ"አፋጀሽኝ" ዳግም ዝግጅት ነገሩ ይገለበጣል፤ እንግዳው በእጃችን አለ፣ የፈረሰው ቤቱ ነው። ቤቱን በእንግዳው ልክ መሥራት ይቻላል። የግጥሙ ምት ይቆጠር። በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም የሚይዘው የወል ቤት ከአንድ የዜማ ቤተ ሰብ ይዛመዳል፤ አራት አራት የሚይዘው የቡሄ በሉ ምት ሲመጣ ጆሯችን ሳንጠይቀው የልጆች ጨዋታ ያሰማናል። የግጥሙ ስሜት ሙሾ ከሆነ የጎጃም አልቃሾች ስልት፣ ዛቻ ከሆነ ፉከራና ቀረርቶ፣ ብቸኝነት ከሆነ እንጉርጉሮ መነሻ ይሆናል። መሣሪያውም መሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያኗን ዜማ እንዳለ ወደ ዓለማዊ መድረክ ማውጣት ምእመናኑንም ሊቃውንቱንም ያስከፋል፤ መከፋታቸውም በምክንያት ነው። ከማኅሌቱ ልንወስድ የሚገባን ሕጉን እንጂ ዜማውን አይደለም። የመምራትና የመቀበልን፣ በሁለት ረድፍ የመቆምን፣ ከዝግታ ወደ ፍጥነት የመውጣትን ሥርዓት ከዓለማዊው የጎጃም ዜማ ጋር ማጋባት ይቻላል። ዮፍታሔ ራሱ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎትና በመድረክ መካከል የኖረ ሰው ስለነበር፣ ይህን ድንበር ሳያውቅ አልሠራም ብዬ አምናለሁ።

"እንዲህ የተሠራው ዜማ የዮፍታሔ አይደለም" የሚል ተቃውሞ ይጠበቃል። እውነት ነው፤ አይደለም፤ ነው ተብሎም ሊነገር አይገባም። ነገር ግን ሌሎችም እንዲህ ያለ ጉድለት ገጥሟቸዋል። የሞንቴቨርዲ "አሪያና" እ.ኤ.አ. በ1608 በማንቱዋ ታይታ ከአንድ የሐዘን ዜማ በቀር ሙዚቃዋ ሁሉ ጠፍቷል፤ የሪኑቺኒ ግጥም ግን ቀርቷል። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ጎር ያንኑ ግጥም ይዞ አዲስ ሙዚቃ ደረሰለት፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1995 በለንደን ታየ። የሞንቴቨርዲ ነው ብሎ ግን ማንንም አላታለለም። የእኛም ቡድን በማስታወቂያው ላይ "ግጥም ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ዜማ እገሌ" ብሎ መጻፍ ይበቃዋል።

ማጠቃለያ

ሥራው ከሦስት ወገን ይጠይቃል። ከሥነ ጽሑፍ ክፍሎች የጽሑፉ ቅጂዎች ተነጻጽረው መዝሙር የሚገባባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ እንዲለዩ ያስፈልጋል። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተቋቋመው የባህል ጥናት ተቋም ለዚህ ቅርብ ነው። ከቅኔና ከዜማ መምህራን ምክር ያስፈልጋል፤ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ከቴአትር ቡድኑ ደግሞ አዲስ የሚሠራውን ዜማ በድምፅ ብቻ ሳይሆን በኖታም ማስፈር ይጠበቃል። ይህ የመጨረሻው ካልተደረገ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ እኛ ዛሬ ባለንበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ ግጥሙን እያነበበ ዜማው ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቃል።

በእኔ አስተያየት ጅምሩ በአንድ ገቢር፣ በሁለት ወይም በሦስት መዝሙሮች ቢሆን ይመረጣል። ያን ይዞ ደብረ ኤልያስ ድረስ ሄዶ ለሽማግሌዎችና ለመምህራን ማሰማት፣ የሚሉትን መዝግቦ ማረም፣ ከዚያም ወደ ሙሉ ሥራው መሻገር ይቻላል።